በአቀማመጥ ምክንያት ለሚመጣ የአንገት ህመም በእጅ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላንና ከአቃቂ አንገታቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

አልወደቅኩም፣ የመታኝም ነገር የለም። ታዲያ አንገቴን ለምን ያመኛል?

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህን የሚሸከሙት 7 ትንንሽ አጥንቶችና ከጀርባና ከትከሻ ወደ ማጅራት የሚወጡ ጡንቻዎች ናቸው። ጭንቅላት ትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ጡንቻዎቹ ብዙም አይለፉም። ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ግን ልፋታቸው ይጨምራል። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ባወጣው ስሌት፣ አንገት 60 ዲግሪ ሲያቀረቅር የሚያርፍበት ጫና 27 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ 20 ኪሎ ነው። ስልክ ላይ አቀርቅረን ስንቆይ ከዚያ የበለጠ አንገታችን ላይ ጭነናል ማለት ነው።

ግን ማቀርቀር በራሱ ጥፋት አይደለም። አንገት የተሠራው እንዲጎነበስም፣ እንዲዞርም ነው። የሚጎዳው በአንድ ሁኔታ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው። ጠዋት በሃይገር አውቶቡስ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ወይም ኮምፒውተር ፊት፣ ማታ ደግሞ ያው መንገድ። ጡንቻው ዘና የሚልበት ጊዜ አያገኝም። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሲጨመርበት ህመሙ ይብሳል።

“ብርድ መቶህ ነው” ይሉኛል። እውነት ነው?

ቅዝቃዜ ትከሻችንን ወደ ላይ እንድንሰበስብ ያደርገናል፤ የተወጠረ ጡንቻም ሲበርደው ይበልጥ ይደነድናል። ስለዚህ ሙቀት ሲያገኝ ቢቀልልዎት አይገርምም። ነገር ግን ህመሙ ለወራት እየተመላለሰ ከሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለብርድ ሰጥተው ቀንዎን እንዴት እንደሚያሳልፉ ሳያዩ እንዳይቀሩ።

በእጅ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ ከማሳጅ በምን ይለያል?

ከምርመራው ይጀምራል። ባለሙያው እጁን ከማሳረፉ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? እጅዎን ይደነዝዘዎታል? ከዚያ አንገትዎ ወዴት እንደሚዞርና የት ላይ እንደሚቆም ያያል። የእጅዎን ጉልበት፣ የቆዳዎን ስሜት፣ አንዳንዴም አረማመድዎን ይፈትሻል። ይህን ሳይጠይቅ በቀጥታ ማሸት የጀመረ ሰው ፊዚዮቴራፒ እየሰጠዎት አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት መለኪያ መኖሩ ነው። ከሕክምናው በፊት ወደ ቀኝ ሲዞሩ አገጭዎ የት እንደደረሰ ይታያል። ከሕክምናው በኋላ ይደገማል። ለውጥ ከሌለ ዘዴው ይቀየራል።

አልጋው ላይ ስተኛ በእጁ ምንድነው የሚያደርገው?

አብዛኛውን ጊዜ ከጡንቻው ይጀመራል። እርስዎ በጀርባዎ ይተኛሉ፣ እኔ ከራስጌ እቀመጣለሁ። የሁለት እጆቼን ጣቶች ከጭንቅላትዎ ሥር አስገብቼ፣ ጭንቅላትና አንገት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆማቸዋለሁ። አላሽም፣ አልጫንም። የጭንቅላትዎ ክብደት ራሱ ጣቶቼ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያው ደቂቃ የሚሰማኝ እንደ ገመድ የተወጠረ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጠብቅ ጭንቅላቱ ድንገት ይከብደኛል። ሰውየው ሳያውቀው ተሸክሞት የነበረውን ያኔ ነው የሚለቀው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በረጅሙ ይተነፍሳል። በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው ጡንቻ ላይ ደግሞ እንደ ሽምብራ የተቋጠረ ቦታ ይገኛል። ሲጫኑት ህመሙ ወደ ጆሮ ጀርባ ወይም ወደ ግንባር ዳር ይሮጣል። እዚያ ላይ በሚቻል ልክ ተጭኖ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ መያዝ ያላላዋል።

ከዚያ ወደ መገጣጠሚያው ይኬዳል። ባለሙያው በአውራ ጣቶቹ አንዱን የአንገት አጥንት ቀስ እያደረገ፣ በተመጣጠነ ምት ደጋግሞ ይገፋዋል። አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ጄፍሪ ሜይትላንድ ይህን ግፊት በ4 ደረጃ ከፍሎታል። 1ኛውና 2ኛው ለስለስ ያሉ ናቸው፤ ህመም ለማስታገስ ያገለግላሉ። 3ኛውና 4ኛው ደግሞ የደረቀው መገጣጠሚያ እስከሚቆምበት ጫፍ ይደርሳሉ። የኒውዚላንዱ ብራያን ማሊጋን ያመጣው ሌላ ዘዴ አለ። ባለሙያው አጥንቱን በጣቱ ደግፎ ይይዛል፤ አንገቱን የሚያዞሩት ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ሰው አንገቱን ለማዞር መፍራቱን የሚተወው በራሱ ኃይል ሳያመው ሲያዞረው ነው።

ሌላም አለ። “እጄን በጭንቅላትዎ ቀስ ብለው ይግፉ፣ አሁን ይልቀቁ” እያልን ጡንቻውን አሠርተን የምናላላበት፣ ጭንቅላትን በሁለት እጅ ይዘን ቀስ ብለን ወደ ራሳችን የምንስብበት። ብዙ ሰው ግር የሚለው “አንገቴን ነው ያልኩት” እያለ የላይኛው ጀርባውን ስነካው ነው። ተጎብጦ የዋለ ጀርባ ካልተፈታ አንገት ብቻውን ቀና ማለት አይችልም።

ሲያክሙኝ ያመኛል?

ደስ የሚል ህመም የሚባለው ዓይነት ሊሰማዎት ይችላል። ከ10 ቢለካ ከ4 ወይም ከ5 መብለጥ የለበትም። ጥርስ የሚያስነክስ ከሆነ ይናገሩ፤ ጡንቻው ራሱን ሊከላከል ይበልጥ ይኮማተራል እንጂ አይላላም። “ካላመመ አይድንም” የሚለው አባባል አንገት ላይ አይሠራም።

በማግስቱ እንደ ስፖርት ድካም ያለ ነገር ሊሰማዎት ይችላል። በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ይለቃል።

ራጅ ወይም ኤምአርአይ ሳልነሳ መታከም እችላለሁ?

አደጋ ካልደረሰብዎትና መጨረሻ ላይ የማነሳቸው የአደጋ ምልክቶች ከሌሉብዎት፣ አዎ። ምስል ብዙ ጊዜ ከሚረዳው በላይ ያስፈራል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ የጃፓን ጥናት ምንም የማያማቸው 1,211 ሰዎች አንገታቸው በኤምአርአይ ታይቶ ነበር። 87.6 ከመቶ የሚሆኑት ላይ ዲስካቸው፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር፣ ወጣ ብሎ ተገኘ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው!

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ “ዲስክ” የሚል ቃል አይተው ሥራ ያቆሙ፣ ልጅ ማቀፍ የተዉ ሰዎች ሲመጡ በጣም አዝናለሁ። ምስሉ ከምርመራው ጋር ካልገጠመ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ? መንገዱ ራሱ ያሳምመኛል።

ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ለሕክምና ብሎ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ወረፋ ጠብቆ የሚመለስ ሰው ያገኘውን ሁሉ መንገድ ላይ ጥሎት ሊመለስ ይችላል። ለተለመደው የአንገት ህመም በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀጠሮ ምንም ለውጥ ካላዩ ባለሙያውን በግልጽ ይጠይቁት። ለወራት አልጋ ላይ እያስተኛ ብቻ የሚልክ ቤት ካለ ቆም ብለው ያስቡ።

በየመንገዱ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ቦርሳዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ክንድዎን በላዩ ያስደግፉ፤ ስልኩ ወደ ዓይንዎ ይጠጋል። እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ጋቢ ወይም ሻርፕ ጠቅለል አድርገው አንገትዎ ዙሪያ ይጠምጥሙ። ጭንቅላት ደረት ላይ ወድቆ አንድ ሰዓት መተኛት ከሥራው በላይ ይጎዳል።

ሲያክሙኝ ደህና እሆናለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ለምን?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ህመሙን ያበርዳል፣ አንገቱን ያፍታታል። ይህ ለውጥ ግን ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው የሚቆየው። አጥንቱን “አስተካክሎ” የሄደ ነገር የለም። ያቺ የቀለለች ጊዜ ዋጋ የሚኖራት ጡንቻው እንዲጠነክር ከሠራንባት ነው። እንቅስቃሴና የእጅ ሕክምና አንድ ላይ ሲሆኑ ለየብቻ ከሚሰጡት የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አንዳንድ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ሕክምናው ባለቀ በዚያው ቀን፣ ሳይቀዘቅዝ፣ እንቅስቃሴውን ይጀምሩ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። በጀርባዎ ይተኙ። አገጭዎን ቀስ ብለው ወደ ጉሮሮዎ ያስጠጉ፤ በጣም ትንሽ “እሺ” እንደማለት ነው። ጭንቅላትዎን ከትራሱ አያንሱ። እስከ 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። ከጉሮሮ ጀርባ ያሉት ጥልቅ ጡንቻዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አንገቱን ያመመው ሰው ግን በ5ኛው ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሁለተኛው፣ ቁጭ ብለው የትከሻዎን አጥንቶች ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስበው 5 ሰከንድ መያዝ። ሦስተኛው፣ ፎጣ ወይም ጋቢ ጠቅልለው ከላይኛው ጀርባዎ ሥር በአግድሙ አድርገው ጥቂት ደቂቃ መተኛት።

ከዚያ ህመሙን የሚያመጣውን ነገር መፈለግ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ደጋግማ ብትታከምም ህመሙ ይመለስባት ነበር። ስትሰፋ ልጇ በስልኩ ፎቶ እንዲያነሳት ጠየቅኳት። ፎቶው ላይ አፍንጫዋ መርፌው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ነበር፤ መብራቱም ከጀርባዋ ስለሚመጣ የራሷ ጥላ ጨርቁ ላይ ያርፍ ነበር። በጠረጴዛው እግሮች ሥር ጣውላ አስገባች፣ አምፖሉን ወደ ፊት አመጣች፣ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ማለት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ነው የእጄ ሥራ የጸናው። እርስዎም ልብስ የሚያጥቡበትን ሳፋ ከመሬት አንስተው በርጩማ ላይ፣ ምጣዱን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ለማድረግ ይሞክሩ።

ራሴንም ያመኛል። ከአንገቴ ጋር ይያያዛል?

ሊያያዝ ይችላል። የላይኞቹ 3 የአንገት አጥንቶች አካባቢ ያሉ ነርቮች ከፊትና ከግንባር ስሜት ጋር አንጎል ግንድ ውስጥ ይገናኛሉ። ስለዚህ ጥፋቱ ማጅራት ላይ ሆኖ ህመሙ ዓይን ጀርባ ይሰማል። ከአንገት የሚመጣ ራስ ምታት ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ነው፤ ከማጅራት ተነስቶ ወደ ፊት ይመጣል፤ አንገት ሲዞር ይብሳል። እንደዚህ ከሆነ ከላይ የነገርኳችሁ የጣት ድጋፍና የላይኛው አንገት ሕክምና ጥሩ ይረዳል።

አንገቴ ሲንቋቋ አጥንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው?

አይደለም። መገጣጠሚያ ውስጥ ፈሳሽ አለ። ሁለቱ አጥንቶች በፍጥነት ሲላቀቁ ግፊቱ ይቀንስና የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁ ያ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የጣት መገጣጠሚያ ሲንቋቋ በኤምአርአይ ተቀርጾ ይኸው ታይቷል። ከቦታው የወጣ አጥንት አልነበረም፤ የተመለሰም የለም። እፎይታው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ጡንቻው ለጊዜው መላላቱና የነርቭ ስሜቱ መብረዱ ነው። ድምፅ ካልወጣም ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።

ፀጉር ቤት ስስተካከል አንገቴን ቀጭ ያደርጉልኛል። ችግር አለው?

አዎ፣ አለው። እባክዎ አያስደርጉ። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ሥሮች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው። አንገት ድንገት ሲጠመዘዝ፣ በተለይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሲዞር፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ሊሰነጠቅና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የሚደርሰው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ሲደርስ ግን ወጣቱንም ያገኛል።

የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስትም ፈጣን ግፊት የሚጠቀምበት ጊዜ አለ። ግን መርምሮ፣ የደም ግፊትዎን ለክቶ፣ አስረድቶና ፈቃድዎን ጠይቆ ነው። እምቢ ማለት መብትዎ ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ አንገቱን ትቼ ፈጣኑን ግፊት የላይኛው ጀርባ ላይ እሰጣለሁ። አንገቱም በዚያ ይቀልለዋል፣ ስጋቱም ያንሳል። ፀጉር ቤት ውስጥ ትከሻዎን ሲያሹልዎት ግን ምንም አይደለም፤ ደስ ይበልዎት።

ወጌሻ ጋር ብሄድስ?

ወጌሻን አልንቅም። በአካባቢያችን ሐኪም ሳይኖር ሰው ሲረዱ የኖሩ ናቸው። አንዳንዶቹ በእጃቸው የሚያውቁት ነገር ያስደንቃል። አንገት ግን ወለም እንዳለ ቁርጭምጭሚት አይደለም። ውስጡ ሕብለ ሰረሰር አለ። “ጅማትህ ዞሯል፣ ልመልሰው” ብሎ ጭንቅላትን ይዞ መጎተትና ማጠማዘዝ የሰው እጅና እግር ሽባ እስከማድረግ ሊያደርስ ይችላል። ከወደቁ ወይም መኪና ከገጫቸው በኋላ የሚያማቸው ሰዎች በፍጹም ወደ ወጌሻ መሄድ የለባቸውም፤ መጀመሪያ ራጅ ነው። ቤትዎ ድረስ የመጡ ወጌሻ ቢኖሩም፣ ትከሻና ጀርባ በቅባት ቀስ ብለው ቢያሹልዎት ይበቃል፤ “አንገቴን አይንኩብኝ” ይበሉ።

ሥራ ላይ ያለሁት ቅዳሜም ጭምር ነው። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ልታሸኝ ትችላለች?

ትችላለች። ቁጭ ብለው ግንባርዎን ጠረጴዛ ላይ፣ በተጣጠፈ ፎጣ ያስደግፉ። ትከሻዎን ከአንገት ሥር እስከ ክንድ ጫፍ ድረስ በመዳፏ ቀስ ብላ ትሽልዎት። ሦስት ነገር ትተው፦ የአንገትን ፊትና ጎን መጫን፣ ጭንቅላት ማዞር፣ አጥንቱን በአውራ ጣት መጫን። ከዚያ በፊት በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ያድርጉ። የፈላ ውሃ በሃይላንድ ሞልተው አንገትዎ ላይ አያስቀምጡ፤ ፕላስቲኩ በሙቀቱ ይለሰልስና ቅርፁ ይበላሻል፣ በዚያ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

ጾም ላይ ነኝ። ስግደት ላቁም?

ይህን የሚጠይቁኝ በዐቢይ ጾም ነው፣ ከሁሉ ይልቅ በሰሙነ ሕማማት። መልሴ እንደ ህመሙ ነው። አንገትዎ ደረቅ ብሎ እንጂ እጅዎን ካልደነዘዘዎት መንቀሳቀሱ አይጎዳዎትም። ጉልበትዎን አጥፈው፣ እጆችዎን አስቀድመው መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ጭንቅላትዎ ከጀርባዎ ጋር አብሮ ይውረድ እንጂ ብቻውን አይወርወር። ሲነሱም ጭንቅላትዎ መጨረሻ ላይ ይነሳ። ቁጥሩን ከፋፍለው በየመሀሉ ይረፉ። ህመሙ ከባድ ከሆነ ወይም ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ለታመመ ሰው ያቀልሉለታል። ለሰጋጅ ሙስሊሞችም ያው ነው፤ ህመሙ ሲጠና ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው።

ህመሙ ወደ ክንዴ ይወርዳል፣ ጣቴን ይደነዝዘኛል። አሁንም በእጅ መታከም እችላለሁ?

ይህ የነርቭ ሥር ተነክቶ ሊሆን ይችላል። አውራ ጣትዎ ከሆነ የሚደነዝዘው ብዙ ጊዜ 6ኛው፣ የመሀል ጣት ከሆነ 7ኛው፣ ትንሿ ጣት ከሆነ 8ኛው የአንገት ነርቭ ነው። አንዳንድ ሰው በር ላይ ሲገባ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይመጣል። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም፤ እንደዚያ ሲያደርግ ግን ይቀልለዋል። ክንዱ ሲነሳ የነርቩ ውጥረት ስለሚቀንስ ነው። እኔ ያን ሳይ ግማሹን ምርመራ ጨርሻለሁ።

መታከም ይቻላል፤ ግን ዘዴው ይለያል። ቀስ ያለ ስበት፣ ነርቩን ሳይወጥሩ የሚያንቀሳቅስ የክንድ እንቅስቃሴና የላይኛው ጀርባ ሕክምና ይሰጣል። ፈጣን ግፊት አንገት ላይ አይሰጥም። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻለዋል። የእጅዎ ጉልበት እየቀነሰ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ሐኪም ይዩ።

ማንም አንገቴን እንዳይነካ የምለው መቼ ነው?

ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና አገጭ ደረትን መንካት እስኪያቅተው የደረቀ አንገት አንድ ላይ ከመጡ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ማሳጅ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚያስፈልግዎት። ለሳምንታት የቆየ ህመም ከሌሊት ላብ፣ ከክብደት መቀነስና ከምሽት ትኩሳት ጋር ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት። በአገራችን ይህን መርሳት አይገባም። ቁልፍ መቆለፍ፣ ብር መቁጠር እያቃተዎት፣ ሲራመዱ እግርዎ እየተንገዳገደ ወይም ሽንት አልቆጣጠር ካለዎት ሕብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ካንሰር የነበረበት፣ ሪህ መሰል የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደም አስቀድሞ ይናገር።

ድንገት የጀመረና ከዚህ በፊት ያላዩት ዓይነት የአንገት ወይም የራስ ህመም ከማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት፣ ከመንተባተብ ወይም ለመዋጥ ከመቸገር ጋር ከመጣ ደግሞ አንድ ሰዓትም አይቆዩ። ከዳር ሰፈር ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ መኪና ፍለጋ አይንከራተቱ፣ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ።